ልጆቻችንን ወዴት እንውሰድ፦ አንኮበር ወይስ አዲስ አበባ?

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ የአገሩን ታሪክ በዓይኑ ማየት ለሚፈልግ ሁለት መናገሻዎች ቅርብ ናቸው። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ አንኮበር 40 ያህል ነው።

አዲስ አበባ ታሪኳን አፍ አውጥታ ትናገራለች። ስድስት ኪሎ ያለውን የየካቲት 12 ሐውልት ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ በ1929 ዓ.ም. የተፈጸመው ጭፍጨፋ ግርጌው ላይ ተቀርጿል፤ ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን እንኳ ያነበዋል። በጊዮርጊስ አደባባይ የቆመውን የምኒልክን ሐውልትም ጣልያን አንሥቶት ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ።

አንኮበር ግን ዝምተኛ ነው። የሸዋ ነገሥታት ከኖሩበት ቤተ መንግሥት የቀረው የግንብ ፍርስራሽ ነው፤ ይህም ያንገበግበኛል። ሆኖም ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው፣ የአፋር ቆላ ከሥሩ ተዘርግቶ ሲያይ፣ ቦታው ለምን እንደተመረጠ አስረጅ አያሻውም፤ ጠላትም ቅፍለትም ከሩቅ ይታያል። ምኒልክ ልቼ በተባለችው ከተማና በእንጦጦ አልፈው በ1879 ዓ.ም. ወደተቆረቆረችው አዲስ አበባ የደረሱት ከዚህ ተነሥተው ነው።

ስለዚህ እኔ አንኮበርን አስቀድማለሁ። ሐውልቱን በኋላ ያዩታል፤ መነሻውን ካወቁ ደግሞ በሌላ ዓይን ያዩታል። ብርዱ ከባድ ነውና ለልጆቹ ጋቢ ያዙላቸው።