ለልጄ የጁጂትሱ አስተማሪ ስፈልግ ያገኘሁት የጎንደር ልጅ

ጎንደር ውስጥ የብራዚል ጁጂትሱ በግል የሚያስተምር ሰው የምትፈልጉ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። ጥቆማም ነው፣ ምስጋናም ነው። ስሙን እዚህ አላወጣውም፤ እንዳላወጣው የጠየቀኝ እሱ ራሱ ነው። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

ልጄ 14 ዓመቷ ነው። አምና አንድ ቀን ስልኳን ይዛ መጣችና «እማዬ፣ ይሄን መማር እፈልጋለሁ» አለችኝ። ያሳየችኝ እ.ኤ.አ. በ1993 ዴንቨር ከተማ የተካሄደውን፣ ዩኤፍሲ የሚባለውን የፍልሚያ ውድድር የመጀመሪያውን ነበር። ሮይስ ግሬሲ የሚባል ቀጠን ያለ ብራዚላዊ ነጭ የልምምድ ልብሱን ለብሶ በአንድ ምሽት ሦስት ተጋጣሚዎችን አሸነፈ። መሣሪያው ቡጢ አልነበረም፤ እየያዘ መሬት ላይ ይጥላቸው ነበር። ጁጂትሱ እንዲህ ነው። በልምምዱ መማታትም መርገጥም የለም። ይያዛል፣ ይጣላል፣ ከላይ ሆኖ መቆጣጠር አለ። ከዚያ አንገት ወይም መገጣጠሚያ ይያዝና ሌላው «በቃኝ» እስኪል ይጠበቃል። ልጄ ከክፍሏ ልጆች ሁሉ በቁመት ታንሳለች። ትንሽ ሰው ትልቁን መርታት መቻሉ ነው ልቧን የወሰደው።

ጎረቤቶቼ «ሴት ልጅ ትግል ምን ያደርግላታል?» ብለውኛል። እኔ ግን ደስ አለኝ። ፍላጎቷን አይቻለሁና አስተማሪ ፍለጋ ወጣሁ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ሰው ስሙ ይቅር። የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ ተቀበለኝ። «በአንድ ዓመት ጥቁር ቀበቶ አስታጥቃታለሁ» አለኝ። ስለ ጉዳዩ ምንም ስለማላውቅ አመንኩት፣ እንዲያውም ኮራሁ። በሦስተኛው ሳምንት ልጄ ክንዷን አቅፋ እያለቀሰች መጣች። አርምባር የሚባል አያያዝ አለ፤ ክንድን በሁለት እግር መሃል ይዞ ክርኑን ከአቅሙ በላይ መዘርጋት ነው። ይዟታል። «በቃኝ» ለማለት በእጇ ሦስት ጊዜ መታ መታ አድርጋለች። አልለቀቃትም። «ሕመሙን ትልመደው ብዬ ነው» አለኝ ስጠይቀው።

ሐኪም ቤት ወስጃት ራጅ ተነሳች። አጥንቷ ደህና ነው፣ ጅማቷ ግን ተጎድቷል ተባልን። አማቴ ወጌሻ ካልወሰድናት አሉ፤ ሐኪሙ ክንዱን ማንም እንዳያሸው ስላለ እምቢ አልኩ። ሦስት ሳምንት ክንዷ በጨርቅ ታስሮ ከረመ። ገንዘቡም አልተመለሰም። የገንዘቡ ነገር ግን ያን ያህል አልቆጨኝም። ልጄ «በቃኝ» ብላ የሚሰማት ማጣቷ ነው እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ማጥናት የጀመርኩት። በጁጂትሱ ከሁሉ የሚበልጠው ሕግ መልቀቅ ነው። ታፕ ይሉታል። ተማሪው በእጁ መታ መታ ካደረገ፣ እጁ ከተያዘ በእግሩ፣ ሁለቱም ካልተቻለ በአፉ «ታፕ» ካለ፣ የያዘው ሰው በዚያችው ቅጽበት ይለቃል። ማነቅ ሲባልም ትንፋሽ መዝጋት ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ብዙዎቹ አያያዞች በአንገት ግራና ቀኝ ያሉትን የደም ሥሮች ነው የሚጫኑት። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ይቀንሳል፣ ሰውየው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ራሱን ይስታል። እንዲህ ያለ ነገር በእጁ የያዘ አስተማሪ ጉልበቱን ከማየታችሁ በፊት አለቃቀቁን እዩ።

አሁን ስለማመሰግነው ሰው ልንገራችሁ። አዘዞ ያለ አንድ ዘመዳችን ነው የጠቆመኝ። የዚሁ የጎንደር ልጅ ነው። ዓመታት አቡ ዳቢ ሠርቶ የተመለሰ። እዚያ አገር ጁጂትሱ በትምህርት ቤት ሳይቀር ይሰጣል፤ እሱም ከሥራ ሰዓቱ በኋላ እየሄደ ተማረ። ፒያሳ ጃንተከል ዋርካ አጠገብ ሻይ ይዘን ተቀመጥን። ልጄን አላመጣኋትም፤ ብቻዬን ልመዝነው ፈለግሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ የአባቴ ጥያቄ ነው። አባቴ ነፍሳቸውን ይማርና የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። አንድ ሰው ቅኔ ወይም አቋቋም አውቃለሁ ብሎ ሲመጣ «ከማን ተማርክ?» ይሉታል። መምህሩን ከጠራ «እሳቸውስ ከማን?» ብለው ይቀጥላሉ። በአገራችን ዕውቀት ባለቤት አለው። እኔም «ወንድሜ፣ ከማን ተማርክ?» አልኩት።

ፊቱ በራ። የአስተማሪውን ስም ነገረኝ፣ የአስተማሪውንም አስተማሪ። ከዚያ ወደ ላይ ወጣ። ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 ጁዶን መሠረተ። ከትምህርት ቤቱ የወጣው ሚትሱዮ ማኤዳ በ1914 ብራዚል ገባ። ማኤዳ ካስተማራቸው አንዱ ካርሎስ ግሬሲ ነው። ካርሎስና ወንድሞቹ፣ በተለይ ኤሊዮ፣ መሬት ላይ የሚደረገውን ትግል አዳበሩትና የብራዚል ጁጂትሱ ተባለ። እንዲህ ሐረጉን ሲመዝ አባቴ ትዝ አሉኝ። የአስተማሪውንም ቁጥር ሰጥቶኝ በዋትስአፕ ደወልኩ። ሰውየው አወቀው፣ ቀበቶውንም የሰጠው እሱ መሆኑን አረጋገጠልኝ።

ቀጥሎ ያለኝን መቼም አልረሳውም። «እትዬ፣ እኔ ሐምራዊ ቀበቶ ነኝ። ጥቁር አይደለሁም፤ ሌላ ሰው ጥቁር ነው ቢልዎት አይመኑ።» የአዋቂዎቹ ተራ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ቡናማ፣ ጥቁር ነው። ጥቁር ላይ ለመድረስ ብዙ ሰው አሥር ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። የልጆች ቀበቶ ደግሞ ለብቻው ነው፤ ከነጭ በኋላ ግራጫ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደንብ ሰማያዊ ቀበቶ ከ16 ዓመት በታች አይሰጥም። የ14 ዓመት ልጄን በአንድ ዓመት ጥቁር አስታጥቃታለሁ ያለኝ ሰው ምን ይነግረኝ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚያ እሱ ይጠይቀኝ ጀመር። ክንዷ አሁን እንዴት ነው? ሐኪሙ ምን አለ? አስም አለባት? ፈተናዋ መቼ ነው? ይህን ሁሉ ከጠየቀ በኋላ ሁለት ነገር አስቀመጠ። እኔ ወይም ሌላ የቤተሰብ ሰው በሌለበት አያስተምርም። የመጀመሪያውን ቀን ደግሞ አያስከፍልም፤ ከዚያ በኋላ በየትምህርቱ ነው የሚከፈለው፣ ወር አይቀበልም። ዋጋውን ሳልጠይቀው ቁርጥ አድርጎ ነገረኝ። ሴት ልጅ ላላችሁ እናቶች፣ የመጀመሪያው ቃሉ ብቻ ልቤን አሳረፈው።

ማራኪ ሰፈር ያለው ቤታችን ሰርቪሱ ክፍል ባዶ ነበር። ስፖንጅ አነጠፍን፣ ላዩን ሸራ ወጠርንበት። በመጀመሪያው ቀን ማነቅም ክንድ መያዝም አልነበረም። አወዳደቅ ነው ያስተማራት፤ አገጭን ወደ ደረት፣ ክንድን ዘርግቶ ምንጣፉን መምታት። ቀጥሎ ከሥር ሆኖ ዳሌን እየሳቡ መውጣት። ስሙ ሽሪምፕ ነው። ሽሪምፕ በባሕር ውስጥ ያለ ፍጥረት ነው ብሎ ቢነግራት ምን ይጠቅማታል? «ታናሽ ወንድምሽ ሌሊት አልጋ ላይ ሲገፋሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አላት። ሳቀችና አደረገችው። ትክክል ነበር።

ክንዷን ግን አትሰጥም። በተያዘች ቁጥር ትደነግጣለች፣ ክርኗን ወደ ጎኗ ትለጥፋለች። እሱ አይቶ ዝም አለ። አራት ትምህርት ሙሉ ያን ክንድ አልነካውም። በአምስተኛው ቀን በጀርባው ተኛና የራሱን ክንድ ሰጣት። «ያዢኝ» አላት። ያዘችው። ገና ሳትዘረጋው መታ መታ አደረገ፤ ለቀቀችው። ደግመው፣ ደግመው፣ ምናልባት ሃያ ጊዜ። አንድም ጊዜ ሳትለቀው የቀረችበት የለም። ከዚያ ራሷ ክንዷን ዘረጋችለትና «አሁን አንተ» አለችው። ያዘ፤ መዳፏ ምንጣፉን ከመንካቱ ለቀቀ። እኔ በር ላይ ተቀምጬ ነበር። ዕንባዬን በነጠላዬ ጠረግሁ።

አንድ ቀን ደግሞ «እትዬ፣ በእኔ ብቻ አትማርም» አለኝ። የግል ትምህርት ጥሩ ነው፣ ስህተት ቶሎ ይታረማል፤ ግን የተለያየ ክብደትና ቁመት ካለው ሰው ጋር ካልተያያዙ እጅ አይፈታም። በዚህ የተነሳ በ41 ዓመቴ ቱታ ለብሼ ምንጣፍ ላይ ወጣሁ። አሁን የልጄ የልምምድ ጓደኛ ነኝ። ከላይ ከተቀመጠችብኝ ዳሌዬን ወደ ላይ አንስቼ እንደ ድልድይ ሆኜ እገለብጣታለሁ፤ ብዙ ጊዜ ግን እሷ ናት የምታሸንፈኝ። የእህቴም ልጅ በቅርቡ ጨመረች።

ስለ ንጽሕና ጥብቅ ነው። ጥፍር ተቆርጦ፣ ልብስ ታጥቦ፣ ምንጣፉ ተወልውሎ ነው የሚጀመረው። ጭርት ያየበትን ሰው ያን ቀን አያስነካም። ተረከዝ ጠምዝዞ ጉልበትን የሚጎዳውንም አያያዝ ልጆችን አያስተምርም። ጉልበት ሲጎዳ ሕመሙ ዘግይቶ ስለሚሰማ ልጅ በጊዜ ታፕ አታደርግም አለኝ።

ለሚዛኑ ያህል የሚጎድለውንም ልንገራችሁ። ሰዓቱ ጥቂት ነው፤ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ሊሰጣችሁ አይችልም። ተማሪ ደጋግሞ ከቀረ ቦታውን ለሌላ ይሰጣል። የልምምድ ልብሱንም እዚህ እንደ ልብ አታገኙትም፤ ልጄ ለጊዜው የጁዶ ልብስ ነው የምትለብሰው። ውድድር ቶሎ የሚፈልግም ሰው ከእሱ ጋር አይስማማም። ልጄ «መንገድ ላይ አንድ ሰው ቢይዘኝስ?» ስትለው «ተላቀቂና ሩጪ» ነው ያላት። ሌላ ጀብዱ አልነገራትም።

ስትጽፉልኝ የተማሪውን ዕድሜ፣ ያለበትን ሰፈርና የቆየ ጉዳት ካለ ጨምሩበት፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። እኛ ዘንድ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ነው። ገብታችሁ ማየት የምትፈልጉ እናቶች ካላችሁ በሩ ክፍት ነው፣ ቡናም አለ።

ወንድሜ፣ ይህን እንደምታነብ አውቃለሁ። የልጄን ክንድ ታግሰህ ስለጠበቅክልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ዓርብ እንጠብቅሃለን።