ዶጅ ቻርጀር ወይስ መርሰዲስ ኤስ 500? እኔን የሚያሳስበኝ ፍሬኑ ነው

መጀመሪያ ስለ ፈረስ ጉልበት እናውራ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. የ1969 ስሪቱ ቻርጀር አር/ቲ 7.2 ሊትር ቪ8 ሞተር አለው፤ ወረቀቱ 375 የፈረስ ጉልበት ይላል። በ2021 ለአሜሪካ ገበያ የወጣው ኤስ 500 ደግሞ ከ3 ሊትር ሞተር 429 ያወጣል። የሚቀራረቡ ይመስላል አይደል? አይቀራረቡም። ያኔ አሜሪካ ውስጥ ጉልበት የሚለካው ሞተሩ ለብቻው ወጥቶ፣ ማርሚታውንም ዲናሞውንም ሳይሸከም ነበር። መኪናው ላይ እንዳለ አድርጎ መለካት የተለመደው ከ1972 ወዲህ ነው። ስለዚህ ከ375ቱ ጎማው ጋ የሚደርሰው በጣም ያንሳል።

ግን ቻርጀሩን ስትነዱት ይሄ ሁሉ ሂሳብ ይረሳችኋል። ገና ስታስነሱት መላ አካሉ ይንቀጠቀጣል። ነዳጅ ስትረግጡ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ባለ አራት አፉ ካርቡራተር በደንብ ሲከፈት ኮፈኑ ስር የሆነ ነገር ያገሳል፣ አፍንጫው ቀና ይላል፣ ኋላው ይቀመጣል፣ እናንተም ከወንበሩ ጋር ትጣበቃላችሁ። ኤስ 500 ከዚህ ይፈጥናል፤ በ5 ሰከንድ ገደማ 100 ይገባል። ፍጥነቱን የምታውቁት ግን ዳሽቦርዱን ስታዩ ነው። ለእኔ ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው።

ከዚያ ኩርባ ይመጣል፣ ነገሩም ይገለበጣል። ቻርጀሩ ከፋብሪካ ሲወጣ መደበኛው ፍሬኑ በአራቱም ጎማ ታምቡር ነው፣ ማለትም ሸራው እንደ ከበሮ በተዘጋ ብረት ውስጥ ሆኖ የሚይዝ፤ የፊት ዲስክ የሚገጠመው ለጠየቀ ብቻ ነበር። ታምቡር ሲደጋገም ይግላል፣ ሲግል መያዙን ይተዋል፣ እና ያን የሚያህል ሞተር ይዛችሁ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እየሰነፈ ሲሄድ የሚሰማው ስሜት ደስ አይልም። ኋላው ባሌስትራ ስለሆነ ሻካራ መንገድ ላይ ይዘላል። ርዝመታቸው እኮ እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ ረጅሙ ኤስ 500ም ቻርጀሩም ወደ 5.3 ሜትር ይጠጋሉ፤ ኤስ 500 ግን የኋላ ጎማዎቹም ስለሚዞሩ ጠባብ ቦታ ላይ እንደ ትንሽ መኪና ይታጠፋል።

ቤተሰብ ለምትጭኑበት፣ በየቀኑ ለምትነዱት ኤስ 500 ነው፣ ክርክር የለውም። የሚያሳስበኝ እርጅናው ነው። ሁሉ ነገር በስክሪን፣ ሁሉ ነገር በኮምፒውተር፣ ሱስፔንሽኑ ሳይቀር በአየር። ቻርጀሩን ካርቡራተሩን በካቻቢቴ እያስተካከላችሁ፣ ካንዴላ እየቀየራችሁ ገና ብዙ ዓመት ትነዱታላችሁ።

እኔ አንዱን ብቻ ውሰድ ብባል ቻርጀሩን ነው። እናንተም ከገዛችሁት ቀለሙንም ቸርኬውንም ለጊዜው ተዉትና መጀመሪያ የፊት ፍሬኑን ወደ ዲስክ ቀይሩት።