ክላውኑ፣ በረኪናው እና የአሳ ጥብሳችን፦ ቴሪፋየር 2ን አየነው

ቴሪፋየር 2 የሚባለውን የሆረር (አስፈሪ) ፊልም ፍላሽ ላይ ያስጫንኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ጥፋቱም የኔ ነው። የሚጭንልኝ ልጅ «ይሄን ምግብ በልተህ እንዳታየው» ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ አታድርግ ሲሉኝ ይብስብኛል። ቅዳሜ ማታ አራት ሆነን ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ የጓደኛችን የኪራይ ክፍል ተሰበሰብን፣ ሐይቁ ዳር የገዛነውን የአሳ ጥብስ ከነሚጥሚጣው መሀል ላይ ዘረጋን፣ መብራት አጠፋን። መብራት ራሱ ሳይሄድ እኛ ያጠፋንበት ማታ መሆኑ ይመዝገብልን።

«ትርጉም ነው?» አለ አንዱ። አይደለም፣ እንግሊዝኛ ነው። ግን ብዙ አይጎድልብህም አልኩት፤ ገዳዩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አይተነፍስም። ተርጓሚ ቢቀጠርለት ቁጭ ብሎ ደሞዝ ይበላ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አርት የሚባል ክላውን፣ ማለትም ፊቱን ተቀብቶ ሰው የሚያስቅ ቀልደኛ የሚመስል ገዳይ አለ፤ ጥቁርና ነጭ ልብስ፣ ትንሽዬ ኮፍያ፣ ትከሻው ላይ ጥቁር የቆሻሻ ፌስታል። ፌስታሉ ውስጥ ስለት በያይነቱ አለ። በሃሎዊን ማታ፣ ማለትም ፈረንጆቹ ልጆቻቸውን ጭራቅ አስመስለው አልብሰው ከረሜላ በሚያስለምኑበት ማታ፣ ሲዬና የምትባል ልጅንና ታናሽ ወንድሟን ያሳድዳል። መንገድ ላይ ያገኘውን ደግሞ ይከትፋል። ታሪኩ በቃ ይሄው ነው። ለዚህ 2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ወስዶብናል።

የሚገርመው ገንዘቡ ነው። ዳይሬክተሩ ዴሚየን ሊዮን ይሄን የሠራው በ250 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ለእኛ ትልቅ ብር ነው፣ ለሆሊውድ ግን የሻይ አይሆንም። ያውም አብዛኛው ከአድናቂዎች በኢንተርኔት የተዋጣ ነው፤ 50 ሺህ ጠይቀው ከ200 ሺህ በላይ ተሰጣቸው። እኛ አገር ዕቁብ እንኳ እንዲህ አይሞላም። ሰውዬው ድርሰቱን ጽፏል፣ ዳይሬክት አድርጓል፣ ኤዲት አድርጓል፣ የቁስሉንና የደሙን ሥራም ራሱ ገብቶበታል። በእነሱ አቆጣጠር በ2022 ሲኒማ ሲገባ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ አመጣ። ሲኒማ ውስጥ ሰው አስመለሰው፣ ሰው ራሱን ሳተ የሚለው ወሬም በየቦታው ተነዛ። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ተከፍሎበትም አይገኝ።

እኛስ? ማንም አላስመለሰም። አሳው ግን ተረፈ።

የተረፈው በመኝታ ቤቱ ትዕይንት ምክንያት ነው። ክላውኑ የሲዬናን አንዷን ጓደኛ ቤቷ ድረስ ሄዶ ያገኛታል። ዝርዝሩን አልጽፍም፤ ምን ሆነች ከምትሉኝ ምን ቀራት ብትሉኝ መልሱ ያጥራል። መቀስ ሲያወጣ፣ ሌላም ሌላም ሲያወጣ፣ እኛ «ኧረ ባክህ» እያልን እንስቅ ነበር። አለቀ ብዬ ትንፋሼን ስለቅ ሰውዬው ወጣ ብሎ ተመለሰ። የያዘው በረኪናና ጨው ነው። በረኪና! በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄኔ ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። እዛች ክፍል ውስጥ በስለት ተተልትሎ የሚያውቅ ሰው የለም። በረኪናን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ልብስ ስናጥብ ጣታችን ላይ ያለችን ጭረት አግኝቶ እንዴት እንደሚለበልብ፣ ሽታው እስከ ማታ አፍንጫ ውስጥ እንዴት እንደሚቀር። ከደሙ ሁሉ በላይ ያቺ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሠራችልን። እዚህ ጋ ዳይሬክተሩን እጅ ነስቻለሁ።

ችግሩ ሰውዬው ማቆም አያውቅም። ነርስ የሆነችው ጓደኛችን «ይሄን ያህል ደም ፈሷትማ እንዲህ አትጮህም» አለች። ያዋቂ ሰው ደም 5 ሊትር ገደማ ነው፤ ግማሹ እንኳ ሳይፈስ ሰው ራሱን ይስታል። እዚህ ግን የአንዲት ልጅ ደም ግድግዳውን ቀብቶ፣ አልጋውን አጥቦ፣ ገና ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ በመጣው ሬሳ ሁሉ ነርሷ ሊትር መቁጠር ጀመረች። «7 ደረሰ፣ ይኸው 9።» ሆረር ፊልም ሊትር ከተቆጠረበት አለቀለት።

ቀለሙም አልተዋጠልኝም። እኛ ለፋሲካ በግ ሲታረድ አጠገቡ ቆመን ያደግን ሰዎች ነን። እውነተኛ ደም መጀመሪያ ደማቅ ነው፣ ትንሽ ቆይቶ ይረጋል፣ ይጠቁራል፣ ዝንብ ይወረዋል። የፊልሙ ደም ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሽሮፕ ያብለጨልጫል። ሥጋ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሱፐርማርኬት የሚገዛን ሰው ያስደነግጠው ይሆናል። ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር አሳ ሲዘረገፍ፣ አንጀቱ ሲወረወር፣ ፔሊካኖቹ አፋቸውን ከፍተው ሲሻሙ እያየ ላደገ ልጅ ግን የአንጀት መዘርገፍ ብቻውን ምኑ ነው?

አንዱ ጓደኛችን በነገራችን ላይ መሀል ላይ «ስልክ ተደወለልኝ» ብሎ ወጣ። ስልኩ አልጋው ላይ ነበር። አልጠየቅነውም። ያለፉትን ጥቂት ዓመታት እዚህ ከተማ ያሳለፈ ሰው የራሱ ምክንያት አያጣም።

እኔን ከልቤ ያስፈራኝ ጠብታ ደም የሌለበት ቦታ ነው፤ ከመኝታ ቤቱ ቀደም ብሎ ይመጣል። ሲዬና የሃሎዊን ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ ገብታለች። ክላውኑም እዛው አለ። ምንም አያደርጋትም። ዝም ብሎ ያያታል። የሚሸጥ መነጽር ያነሳል፣ ያደርጋል፣ ያወልቃል፣ ሌላ ያደርጋል፣ እያንዳንዱን «እንዴት ነው፣ ያምርብኛል?» እንደሚል ሰው እየዞረ ያሳያታል። እኛ ሳቅን። እሷ ግን ልትስቅም ልትሮጥም አልቻለችም፣ ምክንያቱም ሰውዬው እስካሁን ምንም አላጠፋም፤ በምን ትከሰዋለች? ባጃጅ ውስጥ ፊት ለፊት በመስታወቱ አፍጥጦ የሚያይ ሹፌር ገጥሞት የሚያውቅ ሰው ይሄን ስሜት አይስተውም። ነርሷ እዚህ ጋ እግሯን ወደ አልጋው ሰበሰበች፣ አንድም ቃል አልወጣትም። ዴቪድ ሃዋርድ ቶርንተን፣ ክላውኑን የሚጫወተው ማለት ነው፣ ይሄን ሁሉ በቅንድብና በፈገግታ ብቻ ነው የሚሠራው። ልዩ ሰው ነው። እሱን የያዘ ዳይሬክተር ለምን ባልዲ ሙሉ ደም እንዳስፈለገው አልገባኝም።

ሌሊት ጋደም ብዬ ትዝ ያለኝ ምን ይመስላችኋል? ዘጌ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብታችሁ ከሆነ ግድግዳው ላይ በላዔ ሰብን አይታችኋል። 78 ሰው የበላ፣ ያውም ቤተሰቡን ሳይቀር! በቁጥር ከተሄደ አርት አጠገቡም አይደርስም። ልጅ ሆኜ እናቴ እጄን ይዛ ስታሳየኝ ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም። ግን እስካሁን አብሮኝ ያለው በእመቤታችን ስም ለለምጻሙ የሰጣት ጥርኝ ውሃ ናት። 78 ነፍስ በአንድ ወገን፣ ጥርኝ ውሃ በሌላ ወገን፣ ሚዛን ላይ። የኛ ሰዎች ጭካኔውን አልደበቁትም፣ ግን ዓይንህን እዛው ላይ ትተውት አይሄዱም። ይሄ ፊልም ጥርኝ ውሃ የለውም። ገዳዩ ለምን እንደሚገድል አለመነገሩ እሺ ይሁን፣ እንዲያውም ያስፈራል። የሚሞቱትስ? ስማቸውን እንኳ ሳልይዝ ያለቁ አሉ። ለማላውቀው ሰው እንዴት ልደንግጥ?

ሲዬና ብቻ ትለያለች። የምትጫወተው ሎረን ላቬራ ጥሩ ናት፣ ስታለቅስም ስትመታም ታሳምናለች። የለበሰችው ልብስ ክንፍ አለው፣ ሰይፍም አላት። እኛ ቤት ክንፍና ሰይፍ ያለው ማን እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል፤ ስለዚህ ሰይፉ ሲመዘዝ ክፍሉ በሙሉ «በርቺ!» አለ። የመጨረሻው ፍልሚያ ግን ረዘመ፤ አስማት ነው፣ ሕልም ነው፣ ምን እንደሆነ ሳይለይ አንዱ ጓደኛችን አንቀላፋ። ሰው እየተከተፈ እንቅልፍ ሲወስድህ አስበው።

ልጆች ባሉበት ቤት በፍጹም እንዳታስገቡት። ሆዳችሁ ቶሎ የሚገለበጥ ከሆነም ይቅርባችሁ። ሆረር የምትወዱ ግን ለክላውኑ ፊት ስትሉ እዩት፣ እኔ ብሆን 40 ደቂቃ እቆርጥለት ነበር። ከ10 6 ሰጥቸዋለሁ፤ 3ቱ ለመነጽሯ ትዕይንት፣ 2ቱ ለበረኪናው፣ 1 ለሲዬና ክንፍ። ለደሙ ምንም።

በማግስቱ ፍላሼን ይዤ ስሄድ ልጁ ሳቀብኝ። «3ኛው አለ፣ በፈረንጅ ገና ነው የሚጨርሳቸው፣ በጀቱም ጨምሯል፣ ልጫንልህ?» አለኝ። ጫንልኝ አልኩት። ቤት ስገባ በረኪናውን ከመታጠቢያው ጥግ አንስቼ ውጭ፣ ከሳፋው ኋላ አስቀመጥኩት። እስካሁን እዛው ነው።