አሥራ ሁለት የሽመና ፍሬም ለ96 ተማሪ፦ የስምንት ወር ልምዴ

ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ፍሬሞች 12 ናቸው። ዛሬ ስፈትሻቸው 11ዱ ደህና ናቸው። አንዱ ጥጉ ተላቆ ኮላ ይጠብቃል። ጥቅምት ላይ ከአናጺው ስረከባቸው ገናን ያያሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር። አሁን ግንቦት ላይ ነን።

ጉለሌ ውስጥ የክወናና እይታ ጥበባት መምህር ነኝ። 6ኛ ሀ እና 6ኛ ለ የኔ ናቸው፤ በየክፍሉ 48 ተማሪ። ሽመናን ለዓመታት ያስተማርኩት ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እያሰመርኩ ነው። ሽሮ ሜዳ በእግር የሚደረስበት ትምህርት ቤት ተቀምጬ ሽመናን በጠመኔ! ሳስበው አሁንም ያሳፍረኛል። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚለውን የማያውቅ ልጅ የለም። ድር ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ ግን ክፍሉ በአንድ ድምፅ "የሸረሪት!" ይላል። አልተሳሳቱም። የእናታቸው ነጠላ ድር ግን ትዝ አይላቸውም።

ዘንድሮ ሁለት ዓይነት መሥሪያ ይዤ ገባሁ። አንዱ ወንድሜ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣልኝ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ 40 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የፋብሪካ ዕቃ ነው። ሌላው የሰፈራችን አናጺ እያንዳንዱን በ350 ብር የሠራልኝ 12 የእንጨት ፍሬም ነው። በድምሩ 4,200 ብር። ከፊሉን ትምህርት ቤቱ ሰጠ፣ ከፊሉን እኔ። የማን ድርሻ እንደበዛ ይቅር።

ፍሬሙ ቀላል ነገር ነው። ቁመቱ 40፣ ወርዱ 30 ሴንቲሜትር። ከላይና ከታች ምስማር ተደርድሮበታል። ድሩን ምስማሮቹ ላይ እያዞራችሁ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ትወጥራላችሁ። ማጉን ደግሞ አንዱን ድር በላይ፣ ቀጣዩን በታች እያሳለፋችሁ ታስገባላችሁ። በሹካ ጠቅ ጠቅ አድርጋችሁ ታጠጋጉታላችሁ። በቃ።

በቃ አልኩ እንጂ የመጀመሪያው ወር መከራ ነበር። ምስማሮቹን በአንድ ሴንቲሜትር ርቀት አስመታኋቸው። የወጣው ነገር ጨርቅ ሳይሆን ወንፊት ሆነ። ወደ አናጺው መለስኩና ግማሽ ሴንቲሜትር ይሁን አልኩት። እሱም በአንድ መስመር ደርድሮ ሲመታው እንጨቱ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ሁለት ፍሬም እንዲሁ ማገዶ ሆነ። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ምስማሮቹን በሁለት መስመር፣ አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች እያዛነቁ መምታት። ትንሽ ወደ ውጭ ዘንበል ማለትም አለባቸው። ቀጥ ብለው ከቆሙ ክሩ እየሾለከ ይወጣል፤ ልጁም ያለቅሳል።

እንጨቱ ባሕር ዛፍ ነው፤ ያውም በደንብ ያልደረቀ። እስከ ታኅሣሥ ሦስቱ ፍሬሞች ተጣመሙ። ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጧቸው ይንገጫገጫሉ። ከዚህ የባሰው ግን ጥጋቸው ነው። የአንድ ፍሬም 40 ድር አንድ ላይ ሲወጠር ጉልበቱ ቀላል አይደለም፤ በምስማር ብቻ የተያያዘ ጥግ ይዘምና አራት ማዕዘኑ ወደ አንድ ጎን ይጋደማል። ከአናጺው የኮምፔንሳቶ ቁርጥራጭ ለምኜ በየጥጉ ሦስት ማዕዘን አድርጌ በኮላና በምስማር አያያዝኩት። ከዚያ በኋላ የተላቀቀው ያ ኮላ የሚጠብቀው ብቻ ነው። እሱም ኳስ ስለተመታበት ነው።

ስለ ክር ትንሽ ልበል። ለአንድ ፍሬም ድር 15 ሜትር ያህል ይፈጃል፤ ለ12ቱ 180 ሜትር። መጀመሪያ የገዛሁት ከመርካቶ የሹራብ ክር ነው። ቀለሙ ልጅ ያማልላል፤ ለማግ ጥሩ ነው። ለድር ግን አይሆንም፤ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ስትወጥሩት ጎበዝ ይመስላል፣ በነጋታው ልቡ ይወልቃል። ለድር ጠንካራ የጥጥ ክር ነው የሚያስፈልገው። ማጉን ወፍራም ካደረጋችሁት ደግሞ ሥራው ቶሎ ይሞላል፤ የ12 ዓመት ልጅ ቶሎ ሲሞላ ካላየ ይሰለቻል።

የሁሉም ልጅ የመጀመሪያ ሥራ ወገቡ የቀጠነ ነው። 20 ሴንቲሜትር ተጀምሮ መሐል ላይ 13 ይሆናል፤ ማጉን ጥብቅ አድርገው ስለሚስቡት። "አትሳቡት" ብሎ መጮህ ምንም አልረዳኝም። የረዳኝ ማጉን እንደ ቀስተ ደመና አጉብጦ አስተኝቶ ከዚያ በሹካ ወደ ታች መምታት ነው። ይህንን ካሳየሁ በኋላ ዳሩ ቀጥ ማለት ጀመረ። የአንዷ ልጅ እንዲያውም ከኔ ይሻላል።

ትልቁ ችግር ግን ፍሬሙ ላይ አይደለም። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 10 ደቂቃ በማደል፣ 8 ደቂቃ በመሰብሰብ ያልቃል። ሁለት ደቂቃ "ቲቸር የኔ ሹካ ጠፋ" ነው። እያንዳንዱ ፍሬም ቁጥር ተሰጥቶት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ሥሩ የጨርቅ ከረጢት አለ፤ ውስጡ ሹካ፣ ማጉ የሚጠቀለልበት ከካርቶን የተቆረጠ መወርወሪያና ድሩን የምንከፍትባት ማስመሪያ። አሁን በ4 ደቂቃ ሥራ ላይ ናቸው።

ሌላም ነበር። ፍሬም ላይ የተጀመረ ሥራ እስኪያልቅ አይወርድም። 6ኛ ሀ የጀመረውን ይዞ ከተቀመጠ 6ኛ ለ ምን ላይ ይሥራ? አንድ ማታ የታየኝን መላ በማግስቱ ሞከርኩት፦ 6ኛ ሀ ከታች ይጀምራል፣ 6ኛ ለ ከላይ፤ መሐል ላይ ይገናኛሉ። አራት ልጆች ከዚህ ክፍል፣ አራት ከዚያኛው፣ ስምንት ልጅ በአንድ ፍሬም። በወረቀት ደረጃ ግሩም ነበር። በተግባር የድንበር ጦርነት ሆነ። የአንዱ ክፍል ልጆች ጠዋት ሲመጡ "ሌሎቹ ሁለት ጣት ገብተውብናል" እያሉ በማስመሪያ ይለካሉ። እኔም መሐሉ ላይ በቀይ ክር ወሰን አሠርኩ። ሁለቱ ሥራዎች ሲቀራረቡ ድሩ ይጠብቅና ማስመሪያ አይገባም፤ የመጨረሻዋን ሦስት ሴንቲሜትር በወፍራም መርፌ ነው የሞላናት። በነገራችን ላይ ቆንጆ የወጡት ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ታችኛው ቢጫና አረንጓዴ፣ ላይኛው ሰማያዊ።

አሁን ወደ ፈረንጁ ዕቃ። ማማሩን አማረ። እንጨቱ ለስላሳ፣ ጥርሱ እንደ ማርሽ ቀጥ ያለ ነው። መሐሉ ላይ ማበጠሪያ የሚመስል ፕላስቲክ አለ፤ በ10 ሴንቲሜትር 40 ድር ያስገባል። ግማሹ ድር በቀዳዳ፣ ግማሹ በክፍተት ያልፋል። ፕላስቲኩን ስታነሱት የቀዳዳዎቹ ድር ብቻ ይነሳል፣ ስታወርዱት ይወርዳል። አንድ መስመር ለመሥራት ሰከንዶች ይበቃሉ። ልጆቹ ወረፋ ተጣሉበት።

ግን 48 ተማሪ ባለበት ክፍል አንድ ዕቃ ማለት 47 ተመልካች ማለት ነው። ድሩን ለመሙላት ሁለት ሰዓት ከትምህርት በኋላ ብቻዬን እቀመጣለሁ። ከሁሉም በላይ የታዘብኩት ሌላ ነው። እሱ ላይ ብቻ የሠሩ ልጆች ጨርቁ እንዴት እንደተሠራ ስጠይቃቸው "ፕላስቲኩን እናነሳለን፣ እናወርዳለን" ይሉኛል። ፍሬም ላይ የለፉት ግን "አንዱን በላይ፣ አንዱን በታች" ይላሉ። የካቲት ላይ ከፕላስቲኩ አንድ ጥርስ ተሰበረ። መለዋወጫ እዚህ ፈልጌ አላገኘሁም። አሁን መምህራን ክፍል ቁምሳጥን ላይ ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል።

ኅዳር ውስጥ የሆነ ነገር አለ። 6ኛ ለ ውስጥ ከኋላ የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ አለ። የጎረቤቱ ፍሬም ላይ ድር ተበጠሰ። ልጅቷ እኔን ጠራች፤ እኔ ለመድረስ ስጣደፍ እሱ እጁን ዘርግቶ ሁለቱን ጫፍ ያዘ። አንዱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ አዞረ፣ ሌላውን በሥሩ አሳለፈ፣ ሳብ አደረገው። ቋጠሮው ለዓይን አይታይም። "ማን አሳየህ?" አልኩት። "ማንም" አለና አንገቱን ደፋ። አባቱ ምን ይሠራል የሚለው ቅጽ ላይ "ንግድ" ነው የተሞላው። ሸማኔ የሚለው ቃል ግቢ ውስጥ እንደ ስድብ ሲወረወር ስንት ጊዜ እንደሰማሁ ስለማውቅ አልጠየቅኩትም። ድር በተበጠሰ ቁጥር ግን ክፍሉ እኔን መጥራት ተወ። እሱን ነው የሚጠሩት።

የወላጆች ቀን መጋቢት ላይ ነበር። አባትየው መጡ። ውጤት ካርዱን ተቀብለው ሊወጡ ሲሉ ግድግዳው ጋ ቆም አሉ። 7 ቁጥር ፍሬምን በአንድ ጣት እንደ ክራር ነካ ነካ አደረጉት።

"ላልቷል" አሉኝ።

"እንዴት ላጥብቀው፣ ጋሼ?"

ድሩን ከመወጠሬ በፊት በቀጠነ የዱቄት ሙቅ ነክሬ እንዳደርቀው ነገሩኝ። ክሩ ጠጉሩን ይሰበስባል፣ አይበጠስም። ማስመሪያዋን አንስተው ምን እንደሆነች ጠየቁ። ድሩን ከፍተን መወርወሪያውን የምናሳልፍባት ናት አልኩ። ሳቁና "እኛ ይህን በእግራችን ነው" አሉ። ልጁ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ሚያዝያ ላይ ሙቁን ሞከርነው። ክፍሉ ለሁለት ቀን ገንፎ ገንፎ ሸተተ፤ የሚበጠሰው ድር ግን ከግማሽ በላይ ቀነሰ።

እንግዲህ ግዙ ወይስ አትግዙ? የውጪውን ለራሳችሁ ቤት ከሆነ ግዙ፤ ደስ ይላል። ለክፍል ግን ገንዘባችሁን ፍሬም ላይ አውሉት። አናጺው እንጨት እስኪመርጥ አጠገቡ ቁሙ፤ የደረቀ ይሁን። ጥጉ ላይ ኮምፔንሳቶ ይግባበት። ምስማሩ ይዛነቅ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ካላስፈተጋችሁት የስንጥር ሐኪም ትሆናላችሁ፤ እኔ ሆኛለሁ።

ለመስከረም ተጨማሪ 12 አዝዣለሁ። ዋጋው ወደ 450 ወጥቷል። 24 ከሆኑ ሁለቱ ክፍሎች ድንበር አይጋሩም። ይህንን ሳወራ 5ኛ ክፍሎች በር ላይ ሆነው ሰምተውኝ ነው መሰለኝ፣ ትናንት ሁለቱ መጥተው "እኛስ ከታች ነን ከላይ?" ብለው ጠየቁኝ።