8 ወር ተጠቀምኩበት፦ ጣሪያው ያምራል፣ ውፍረት ሲሰጠው ግን ስፌቱ ይከፈታል

ይሄን ህንጻ በ3ዲ የምስልበትን ፕሮግራም ከገዛሁት 8 ወር ሆነኝ። ዋናውን ብቻ አይደለም የገዛሁት፣ ለተወሳሰበ ከርቭ (ጥምዝ ቅርጽ) ተብሎ ለብቻው የሚሸጠውን የሰርፌስ (ውፍረት የሌለው ገጽ) ፓኬጅም ጨምሬ ነው፣ እሱ ደግሞ በየአመቱ ይታደሳል። ከሁለት ወር በፊት ብትጠይቁኝ አይናችሁን ጨፍናችሁ ግዙ ነበር የምላችሁ። ሰርፌስ የሚፈጥሩትና የሚቆርጡት ትእዛዞች፣ ሎፍቱም ስዊፑም ትሪሙም፣ ስራቸውን ይሰራሉ፣ እሱ ላይ ጊዜ አላጠፋም። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ስለ ውፍረት።

የያዝኩት ስራ የአዳራሽ ጣሪያ ነው፣ ሶስት ትልልቅ ጎባጣ ሰርፌሶች አንዱ ወደ ሌላው ሳያስታውቅ እየፈሰሰ የሚሄድበት፣ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የኮንክሪት ሼል (ቅርፊት)። ሰርፌሶቹ የሚገናኙባቸው ስፌቶች እንዳይታዩ አንድ ወር ሙሉ ቅርጹን የሚወስኑትን ነጥቦች፣ ኮንትሮል ፖይንት በኮንትሮል ፖይንት እየጎተትኩ ለፍቻለሁ። ፕሮግራሙን ስጠይቀውም ሁለቱም ስፌቶች ጂ1 ናቸው አለኝ፣ ማለትም ጠርዞቹ መነካካታቸው ብቻ ሳይሆን አቅጣጫቸውም አንድ ነው። ደስ አለኝ። ከዛ ያቺን ፓኬጁን ያስገዛችኝን ውፍረት የምትሰጥ በተን ተጫንኩ፣ 200 ሚሊ ሜትር ብዬ ጻፍኩ፣ ቆይቶ ጨረስኩ አለ፣ አንድም ማስጠንቀቂያ የለም፣ እኔም አምኜ ፋይሉን ላክሁ።

በማግስቱ የስትራክቸር ኢንጂነሩ ደወለ። "ወንድሜ፣ ይሄ የላክልኝ እኮ ሶሊድ አይደለም፣ ላይኛው ፊት ስፌቱ ላይ ክፍት ነው፣ እኔ ጋ ሜሽ አልሆን አለኝ" አለኝ። ሶሊድ ማለት ሁሉ በኩሉ የተዘጋ አካል ነው፣ ሜሽ ደግሞ ለስሌት ወደ ትንንሽ ቁራጭ መከፋፈሉ። አላመንኩትም። ከፍቼ ዙም እያደረግኩ ስገባ እውነቱን ነው፣ ወደ ላይ የጎበጠው ስፌት ከዳር እስከ ዳር 3 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ተከፍቷል፣ ወደ ውስጥ የጎደጎደው ሁለተኛው ስፌት ላይ ደግሞ በተቃራኒው አንዱ ሰርፌስ ሌላው ውስጥ ገብቷል።

ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። በተኗ ውፍረት የምትሰጠው በኦፍሴት ነው። ኦፍሴት ማለት የሰርፌሱን እያንዳንዱን ነጥብ ከሰርፌሱ ቀጥ ብሎ በሚወጣው አቅጣጫ፣ ኖርማል በሚባለው፣ እኩል ርቀት መግፋት ነው። ሁለት ሰርፌሶች ስፌታቸው ላይ ኖርማላቸው በትክክል አንድ ከሆነ ተገፍተውም አንድ ቦታ ይደርሳሉ፣ ትንሽ ከተለያየ ግን እየተገፉ በሄዱ ቁጥር እንደ ሁለት ጣት እየተራራቁ ይሄዳሉ። እዚህ ፕሮግራም ላይ ደግሞ የማእዘን ቶለራንሱ፣ ማለትም የሚፈቅደው የማእዘን ልዩነት፣ ሲጫን ጀምሮ 1 ዲግሪ ላይ ነው፣ ስለዚህ እስከ 1 ዲግሪ ያለውን ልዩነት ሁሉ ጂ1 ነው ብሎ ያሳልፈዋል። 1 ዲግሪ በ200 ሚሊ ሜትር ሲሰላ 3.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል፣ ልክ እኔ ያየሁት ክፍተት። የርቀት ቶለራንሱ ግን 1 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከዛ በላይ የተራራቀ ጠርዝ ጆይን አይደረግም፣ አይገጣጠምም። እንግዲህ በአንዱ ህጉ ለስላሳ ነው ብሎ ያሳለፈውን በሌላው ህጉ ክፍት ነው ብሎ ተወው ማለት ነው። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ማእዘኑ እሱ ጋ አለ፣ ውፍረቱን ራሴ ጽፌ ሰጥቼዋለሁ፣ ሁለቱን አባዝቶ ይሄ ስፌት ይከፈታል ብሎ አንድ መስመር መጻፍ ምን ያቅተዋል?

ዜብራውን፣ ሰርፌሱ ላይ መስመር አንጸባርቆ ልስላሴውን የሚያሳየውን፣ አላየህም ወይ የሚለኝ ሰው ይኖራል። አይቻለሁ። ግን ዜብራው ሲከፈት የሚመጣው ወፍራም መስመር ነው፣ በወፍራም መስመር የ1 ዲግሪ ስብራት አይታይም። መስመሩን እስከ መጨረሻው ካቀጠንኩት በኋላ ነው እዛው ስፌት ላይ በፀጉር ያህል ተዛንፎ ያየሁት። አሁን መጀመሪያ የማደርገው እሱን ነው።

ሌላም አለ፣ እሱ ደግሞ ከፕሮግራሙ በላይ የጂኦሜትሪው ጉዳይ ነው። ሰርፌሱ የሚታጠፍበት ራዲየስ ከውፍረቱ ካነሰ፣ ወደ ውስጥ ሲገፋ ራሱ ላይ ይታጠፋል። እኔ ጋ ጣሪያው ወደ መሬት የሚወርድበት ጥግ ላይ ራዲየሱ 14 ሳንቲ ነበር፣ ውፍረቱ 20፣ ሰርፌሱ ተጠማዞ ራሱን አቋርጦ ወጣ። እዚህ ጋ ፕሮግራሙን አልወቅስም፣ ማንም ሊያደርገው የማይችለው ነገር ነው። የምወቅሰው ዝም ማለቱን ነው። ደግሞ ነፃ ቅርጽ ያለው ሰርፌስ ኦፍሴቱ በትክክል ያው አይነት ሰርፌስ አይሆንም፣ በግምት ነው የሚቀረበው፣ ለዛ ነው 12 በ9 ኮንትሮል ፖይንት የነበረው የኔ ሰርፌስ ተገፍቶ ሲወጣ ከ4 ሺህ በላይ ፖይንት ይዞ የመጣውና ላፕቶፔ መዞር ያቃተው።

ይሄ ከገባኝ ወዲህ የሲድኒ ኦፔራ ሃውስን በሌላ አይን ነው የማየው። ዮርን ኡትዞን እ.ኤ.አ. በ1957 ውድድሩን ያሸነፈበት ቅርጽ በነፃ እጅ የተሳለ ነበር፣ እንዴት እንደሚሰራ አመታት ፈጅቶ መጨረሻ ላይ ሁሉንም ቅርፊቶች ራዲየሱ 75 ሜትር ገደማ ከሆነ አንድ ሉል ቆርጦ አወጣቸው። ሉል ደግሞ ኦፍሴቱም ሉል ነው፣ ራዲየሱ ብቻ ነው የሚቀየረው፣ ግምት የለ፣ 4 ሺህ ፖይንት የለ፣ ውፍረቱ በነፃ ይመጣል። እኛ የምንጠቀምበት የከርቭ ሂሳብ ግን አብዛኛው የመጣው ከመኪና ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ደ ካስቴልዦ ሲትሮየን ውስጥ፣ ቤዚዬ ደግሞ ሬኖ ውስጥ የመኪና አካል ለመሳል ያዳበሩት ነው። የመኪና ቆርቆሮ 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም፣ እዛ ላይ 1 ዲግሪ የምትከፍተው ክፍተት ከሚሊ ሜትር መቶኛ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ህንጻ ግን ወፍራም ነው። ለአርክቴክት ብሎ የሚሸጥ ሰው ይሄን ማወቅ አለበት።

ሻጩ አሁን ፊቴ ቢቀመጥ የምለው አለኝ። ዴሞ ላይ ያሳየኸኝ ሁሉ ወረቀት ነው፣ ውፍረት የለውም፣ ሬንደሩ ያምራል፣ ጥላው ያምራል፣ አንድ ጊዜ እንኳን ስፌት ያለው ነገር አወፍረህ ክፍት ጠርዙን አላሳየኸኝም። "ሴቲንጉ ውስጥ ይስተካከላል እኮ" ትለኝ ይሆናል። አዎ ይስተካከላል፣ ማእዘኑን 0.1 ዲግሪ ሳደርገው ክፍተቱ ወደ 0.35 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፣ ጆይን ይሆናል። ታዲያ ለምን እንዲህ አድርጋችሁ አትሸጡትም? ሲጀመር ብዙ ስፌት ጂ1 አይደለም ብሎ ቀይ ስለሚያበራ ነው? ይብራ! ቀዩን ቢሮዬ ሆኜ ባየው ይሻለኛል ኢንጂነሩ ደውሎ ከሚነግረኝ።

ጣሪያውን እንደገና ሰራሁት። ቶለራንሱን መጀመሪያ ቀየርኩ፣ ስፌቶቹን እንደገና አስተካከልኩ፣ ጥጉን ከርቬቸሩን (የጥምዘቱን መጠን) በቀለም የሚያሳየውን አናሊሲስ ከፍቼ ትንሹ ራዲየስ 30 ሳንቲ እስኪደርስ አሰፋሁት፣ ከዛ በተኗን ትቼ በዋናው ፕሮግራም እያንዳንዱን ሰርፌስ ለብቻው ገፍቼ በእጄ ሰፋሁት። 9 ቀን ፈጀ። ጥጉ ሲሰፋ እንደውም አማረ፣ ያ ቀለም የሚያሳየው ነገር ዋናው ፕሮግራም ውስጥ ያለ ነው፣ እሱን በጣም ወድጄዋለሁ፣ ስለዚህ ዋናውን አልለቀውም።

ፓኬጁን ግን አመቱ ሲሞላ አላድሰውም። እናንተም ልትገዙ ከሆነ የነሱን ፋይል አትዩ፣ የራሳችሁን ያስቸገራችሁን ፋይል ይዛችሁ ሂዱ፣ 20 ሳንቲ አወፍርልኝ በሉት፣ ከዛ ክፍት ጠርዝ ካለ አሳየኝ በሉትና ዙም ሲያደርግ አጠገቡ ቁሙ።