«አስር ሰው ያስተኛል» ለተባለ ተሳቢ ቤት ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

«ተጎታች ካራቫን፣ አስር ሰው ያስተኛል፣ ማንኛውም ፒካፕ ይጎትተዋል፣ ዋጋ በድርድር።» ጀመዓ፣ እንዲህ ካለ ማስታወቂያ ሳታጣሩ ልታምኑት የምትችሉት «በድርድር» የሚለውን ብቻ ነው። ልጆቹን ሰብስቦ ሐይቅ ዳር ሁለት ሌሊት ማደር ወይም ለገና ላሊበላ መውጣት ያሰበ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው የአልጋው ቁጥር ላይ ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ዋጋውን በአልጋ ይቆርጣል። አልጋ ግን ከሁሉም ርካሹ ዕቃ ነው፤ ቱቦላሬ በይዶ ኮምፔርሳቶና ስፖንጅ መደርደር ብዙም ሥራ የለውም። ገንዘብ የሚበላው ከወለሉ በታች ያለው ነው፤ የሚጎድለውም እሱ ነው።

መጀመሪያ ወንበር ቁጠሩ። ደብል ጋቢና ፒካፕ ከነሹፌሩ አምስት ሰው ይይዛል። አልጋው አስር፣ ወንበሩ አምስት፤ የቀሩት በምን ይመጣሉ? «ልጆቹ ከኋላ ተኝተው ይመጣሉ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ወሬውን እዚያው ጨርሱ። ተሳቢው ውስጥ ቀበቶ የለም፣ ሹፌሩ እዚያ የሚሆነውን አያይም፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢፈጠር ቀድሞ የሚገለበጠውም እሱ ነው። ስለዚህ ለትልቅ ቤተሰብ ወጪው የተሳቢው ብቻ ሳይሆን የጎታቹና የሁለተኛው መኪና ጭምር ነው። እውነቱን ለመናገር አንድ ሚኒባስ፣ ሁለት ጥሩ ድንኳንና ለዕቃ የምትሆን ትንሽ ተሳቢ ለብዙው ቤተሰብ ይበቃል።

አይ፣ ካራቫኑን ነው የምንፈልገው ካላችሁ ወደ ኪሎው እንሂድ። ፋብሪካ የሠራው ተሳቢ ላይ ከነጭነቱ ሊደርስ የሚችለው ከፍተኛ ክብደት የተጻፈባት ሳህን አለች። ብየዳ ቤት የተሠራው ብዙ ጊዜ የላትም፤ ያኔ ከባድ መኪና የሚመዘንበት የምድር ሚዛን ላይ ሳይወጣ ዋጋ አትነጋገሩ። ባዶውን 1,100 ኪሎ የሆነ፣ ከፍተኛው 1,400 የተባለ ተሳቢ ለምሳሌ እንውሰድ። 120 ሊትር ውሃ 120 ኪሎ ነው። ሙሉ የጋዝ ሲሊንደር ከነብረቱ 27 ኪሎ ያዙለት። ፍራሽና ብርድ ልብስ 80፣ ሻንጣ በነፍስ ወከፍ 12 ኪሎ ብንል 120፣ እህሉ ከነድስቱ፣ ከነጀበናውና ከነረከቦቱ 100፣ ትርፍ ጎማ፣ ክሪክና ሸራ 60። ድምሩ 1,607። ገና ሰው ሳይገባበት 207 ኪሎ አልፏል። ይህ ትርፍ የሚወጣው በጎማ፣ በባሌስትራና በፍሬን ላይ ነው።

ፍሬን ላይ ረጋ እንበል፣ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነውና። ብዙ የፒካፕ አምራቾች የራሱ ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የሚፈቅዱት እስከ 750 ኪሎ ነው። «ሃይሉክስ ሦስት ቶን ተኩል ይጎትታል» የሚባለው ለአንዳንድ አዳዲስ ባለ ናፍጣ ሞዴሎች፣ ያውም ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሲኖረው ነው። የእናንተው መኪና ስንት እንደሚፈቀድለት ከመመሪያ መጽሐፉ እንጂ ከደላላ አትስሙ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት አስቡት። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። 1,600 ኪሎ ከኋላ እየገፋ የፒካፑ ፍሬን ብቻውን ሁሉን ከያዘ የፍሬን ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፤ የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። መፍትሔው ከባድ ማርሽ ገና ቁልቁለቱ ሳይጀምር አስገብቶ መውረድና ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ ማድረግ ነው። ይህም ግን የተሳቢውን ፍሬን አይተካም።

የተሳቢ ፍሬን በብዛት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ተሳቢው ወደ ፊት ሲገፋ፣ አፉ (የመኪናውን መጎተቻ ኳስ የሚጎርሰው ጫፉ) ላይ ያለው ዘንግ ወደ ውስጥ ገብቶ የሚይዘው ነው። ከመኪናው ሽቦ አይፈልግም፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ተሳቢው መግፋቱን ስለማያቆም ፍሬኑም ሳያቋርጥ ይዞ ይግላል፤ ቆም ብሎ ማብረድ ግድ ነው። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ነው። ይህ ጋቢና ውስጥ የሚገጠም መቆጣጠሪያ ከሌለው አይሠራም። ሻጭ ጎማውን አስፈትቶ «ይኸው ፍሬን አለው» ሲላችሁ መቆጣጠሪያውም በሽያጩ ውስጥ መሆኑን ጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ ከድሮው መኪና ጋር ቀርቷል።

ሙከራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የኤሌክትሪክ ፍሬን ያለው ተሳቢ መኪናውና ተሳቢው ቢላቀቁ ፍሬኑን በራሱ የሚያስይዝ፣ በገመድ የሚመዘዝ ፒን አለው፤ ኃይሉን የሚያገኘው ከተሳቢው የራሱ 12 ቮልት ባትሪ ነው። ተሳቢውን በክሪክ አንሡ፣ ጎማውን በእጅ አሽከርክሩ፣ ፒኑን ምዘዙ። ጎማው ቀጥ ማለት አለበት፤ መሽከርከሩን ከቀጠለ ባትሪው ሞቷል፣ ሽቦው ተቆርጧል ወይም የፍሬኑ ውስጥ ተበልቷል። ጎማው ከመሬት እንደተነሣ ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት፤ የሚንቋቋ ከሆነ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም አልቋል። ለረጅም ጊዜ ቆሞ የኖረ ተሳቢ ግራሶው ስለሚደርቅ የባቲን ሙቀት ሳይደርስ ሊቃጠል ይችላል።

ሌላው አደጋ ጭራ መወዝወዝ ነው። ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶው መጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት፤ ለ1,600 ኪሎ ቢያንስ 160 ማለት ነው። ወጥ ቤቱንና የውሃ ታንከሩን ከኋላ ጥግ ያደረገ ተሳቢ አፉ ይቀልላል፤ ቁልቁለት ላይ ፍጥነት ሲጨምር እንደ ውሻ ጭራ ይወዛወዛል፣ መኪናውንም ይዞ ይዞራል። የሰው ሚዛን ከ150 ኪሎ በላይ ላይችል ይችላል፤ ስለዚህ ጠንካራ ጣውላ ተጠቀሙ። አንዱን ጫፍ ድንጋይ ላይ፣ ሌላውን በ120 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሚዛኑ ላይ አሳርፉ፣ ሁለቱ እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ። የተሳቢውን አፍ ከድንጋዩ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ጣውላው ላይ አውርዱና ሚዛኑ ያሳየውን በ3 አባዙ። ይህም ተሳቢው ለጉዞ የሚይዘውን ዕቃ ሁሉ ጭኖ ይሁን፣ ባዶውን መመዘን ራስን ማታለል ነው። መጎተቻው ኳስም ልኩ ይለያያል፤ 50 ሚሊ ሜትር የሚጎርስ አፍ 47.6 የሆነችውን ኳስ የያዘ ይመስላል እንጂ ጉድጓድ ላይ ሲነጥር ይለቃታል። ሁለቱም ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ሽቅቡም የራሱ ነገር አለው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ደሴ ከፍታ ላይ ሩብ ያህሉ የለም። ከወልድያ ወደ ድልብ በዚህ ጭነት ስትወጡ የሞተሩን ውሃ ሙቀት እያያችሁ ነው።

የቀረውን በአጭሩ። ጎማው ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2317 ማለት በፈረንጅ 2017 ዓ.ም. 23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ስድስት ዓመት ያለፈውን ለመቀየር ገንዘብ ያዙ። ሻንሲው ላይ አንድ ቦታ ብቻ ትኩስ ቀለም ካያችሁ ፋቅ አድርጉት፤ ስንጥቅ የሚሸፈነው እንዲህ ነው። የግድግዳውን ጥግ በአውራ ጣት ተጫኑ፤ ከሰመጠ ክረምት ገብቶበታል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ዕቃው 110 ቮልት ነው፣ የኛን 220 ላይ ከሰካችሁት ይቃጠላል።

ጋዝ ከአየር ይከብዳልና ሲያፈተልክ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ወለሉ ላይ ክፍት መተንፈሻ ከሌለ በሩን መክፈት ብቻ አያወጣውም። ቡና ደግሞ ውጭ ይፈላ። በር ተዘግቶ ከሰል የተቀመጠበት ተሳቢ ውስጥ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ (ካርቦን ሞኖክሳይድ) ሽታ የለውም፤ የተኛውን ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ብርድ ነው ብላችሁ ፍሙን ወደ ውስጥ አታስገቡ።

ወረቀቱ ላይ፣ ተሳቢ የራሱ ሊብሬና ሰሌዳ አለው። ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር በዓይናችሁ ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ፤ ከውጭ የገባ ከሆነ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑንም እዩ። «ለጊዜው በውክልና ውሰዱት» የሚለውን አትቀበሉ። ቀብድ ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሌላ ስምምነት ከሌለ የሰጠው ሰው ሐሳቡን ከቀየረ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት ውሉ ላይ ይህችን አስጽፉ፦ «ተሳቢው በምድር ሚዛን ሲመዘን ባዶ ክብደቱ ከተነገረው ከበለጠ፣ ወይም በፍሬን ሙከራው ጎማው ካልቆመ፣ ቀብዱ ሳይቀነስ ይመለሳል።»