መብራት ሲመጣ ራሱ የሚነሳ፦ ያገለገለ ሚኒ ፒሲ በሳሎን ከወራት በኋላ

ቱሉ ዲምቱ የሚኖር ሰው ለሳሎኑ ኮምፒውተር ሲመርጥ ጥያቄው ሁለት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራሱ ይነሳል ወይ? ማታስ ይጮሃል ወይ? የራም ነገር ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ካለፈ ከውሾች በቀር የሚሰማ ነገር የለም። መገናኛ ሱቅ ውስጥ ጸጥ ያለ የመሰለ ፋን ቤት ሲገባ ሌላ ነው።

የኔ፣ ቢሮ ሲያገለግሉ ቆይተው ከሚሸጡት ትንንሽ ኮምፒውተሮች አንዱ ነው። ኤችፒ ኤሊትዴስክ ሚኒ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ፣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ የሚባሉት ማለቴ ነው። ሦስቱም አንድ ሊትር ገደማ መጠን ያላቸው ወንድማማቾች ናቸው፤ የኔ የትኛው እንደሆነ ብዙ ለውጥ የለውም። ዋጋም አልጽፍም፤ ጽሑፉ ሳያረጅ ዋጋው ይለወጣል።

ለውጥ ያለው ፕሮሰሰሩ ነው። ኢንቴል ኮር አይ5-7500ቲ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ቲ፣ 35 ዋት ላይ የተወሰነውን ቁጥብ ዓይነት ታመለክታለች። ለፊልም ግን ከቲ ይልቅ የቺፑን ትውልድ የምታሳየው የመጀመሪያዋ 7 ትበልጣለች። ባለ 10 ቢት ኤች.265 የሚባለውን የተጨመቀ ቪዲዮ የኢንቴል ኮር ቺፖች ሙሉ በሙሉ በሃርድዌር፣ ማለትም ለዚሁ በተሠራ የቺፑ ክፍል፣ መፍታት የጀመሩት ከ7ኛው ትውልድ ነው። መልኩ አንድ ዓይነት የሆነ የ6ኛ ትውልድ ማሽን በርካሽ ታገኛላችሁ። እሱ ግን እንዲህ ያለ ፋይል ሲያገኝ ሥራው ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል፣ ይግላል፣ ፋኑም ይነሳል። ጸጥታ የሚገዛው ከፋኑ ሳይሆን ከቺፑ ነው የምለው ለዚህ ነው።

የኔ ፊልም ሲያሳይ ከሶፋው ላይ አይሰማኝም። የሚሰማው ዩቲዩብ ላይ ነው። ዩቲዩብ ብዙ ቪዲዮዎችን ኤቪ1 በሚባለው ዓይነት ይልካል፤ 7ኛ ትውልድ ደግሞ ይሄን በሃርድዌር መፍታት አይችልም። በኮር ቺፖች ላይ የመጣው ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። ብሮውዘሩ ላይ ኤች264አይፋይ የምትባል ነፃ ኤክስቴንሽን ጫንኩ። ዩቲዩብ የድሮውን ኤች.264 እንዲልክ ታደርገዋለች፤ ድምፁም ጠፋ። ዳታ ትንሽ ጨምሮ ይበላል፣ ያው ነው።

መብራቱን በተመለከተ፣ ሲበራ ባዮስ (የኮምፒውተሩ መነሻ ማስተካከያ) ውስጥ ገብታችሁ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ምን ይሁን የሚለውን ፈልጉ። “ይብራ” ላይ አድርጉት። ለኔ ከሁሉም ስፔክ የበለጠው ይሄ ነው። መብራት ሲመለስ ቡና እያፈላን ሳለን ፊልም ማጫወቻው ፕሮግራም ኮዲ ራሱ ይከፈታል፤ ማንም ተነስቶ ቁልፍ አይነካም። ፊልም ሲያጫውት በመለኪያ ሳየው ከ15 ዋት ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ አነስተኛ ዩፒኤስም (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ይሸከመዋል። የሚከብደው ቴሌቪዥኑ ነው።

ውስጡ ኤስኤስዲ ነው፤ እንደ ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ድምፅ የለውም። ፊልሞቹና የሠርግ ቪዲዮዎቹ ውጪ በተሰካ ዲስክ ላይ ናቸው። እሱን በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አትተዉት። በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ላይ ሆናችሁ ፋይል ሲገለበጥ መብራት ከሄደ፣ በማግስቱ ዲስኩ ሊያስቸግራችሁ ይችላል፤ ወይ ጭራሽ አይከፈትም፣ ወይ ማንበብ ብቻ ይፈቅዳል። ወደ ኤክስት4 ቀየርኩት፤ እስካሁን ሰላም ነው። የጫንኩት ሊኑክስ ሚንት ነው። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ በጥቅምት ወር 2025 እንደ ፈረንጆቹ አብቅቷል፣ 11 ደግሞ ከጥቂቶቹ በቀር 7ኛ ትውልድን በይፋ አይቀበልም።

አቧራው ግን የጉድ ነው። በበጋ አንድ ቀን ፋኑ ያለወትሮው ማጉረምረም ጀመረ። ከኋላ ያለችውን አንዷን ብሎን ፈትቼ ክዳኑን ገፋሁት። የፋኑ ክንፎች ጫፍ ላይ ቀይ ቡናማ አቧራ ተጋግሯል፤ ሙቀት ማስወጫው ስንጥቆች መሃል ደግሞ እንደ ጥጥ የተድበለበለ ብናኝ ተሰክቷል። ክንፉን በጣት ይዤ በቀለም ብሩሽ ጠረግሁት። ጣት ካልያዘው ፋኑ ይሽከረከርና ራሱን ይጎዳል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እዚህ ሰፈር በየጥቂት ወሩ የግድ ነው።

የማልወደው ሪሞቱን ነው። አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች በኤችዲኤምአይ የቴሌቪዥኑን ሪሞት አይሰሙም፤ ራስበሪ ፓይ የምትባለው ትንሿ ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር ግን ትሰማለች። ስልኬ ላይ ኮሬ የሚባለው የኮዲ መተግበሪያ አለ፣ ለእንግዳ ደግሞ በዩኤስቢ የሚሠራ ትንሽ ሪሞት ገዛሁ። እናቴ እሁድ ስትመጣ ሁለቱን ሪሞት በሁለት እጇ ይዛ “አንተ ልጅ፣ የትኛዋ ናት የምትሠራው?” ትለኛለች። “ሁለቱም እማዬ፣ አንዷ ለድምፅ ናት።” አትቀበለኝም።

ሌላው የመሰኪያው ነገር ነው። የኔ ከኋላው ያለው ዲስፕሌይፖርት ብቻ ስለሆነ ወደ ኤችዲኤምአይ የምትቀይር ገመድ ያስፈልጋል። ርካሹ ቀያሪ ብዙውን ጊዜ 4ኬን ከ30 ኸርዝ በላይ አያሳልፍም። የኔ ቴሌቪዥን ፉል ኤችዲ ስለሆነ ግድ የለኝም፤ 4ኬ ያላችሁ ግን ሳትገዙ ጠይቁ።

አዲስ የሚገዛ፣ ከውጭ የሚያመጣለት ሰው ያለው፣ በኤን100 ቺፕ የተሠራና ፋን የሌለው ሚኒ ፒሲ ቢያገኝ እሱን ይውሰድ። ኤቪ1ን በሃርድዌር ይፈታል፣ የቺፑ ኃይልም 6 ዋት ተብሎ የተመደበ ነው። እዚሁ ገበያ የሚመርጥ ግን 7ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ይፈልግ፣ ዋናው ቻርጀር አብሮት መኖሩን ይይ፣ ሱቁ ውስጥም ከባድ ቪዲዮ ከፍቶ ጆሮውን ያስጠጋ።